የበቅሎዋ አባት

ዳኒ ዳየር የሚባል እንግሊዛዊ ተዋናይ አለ። የምሥራቅ ለንደን ልጅ ነው፤ አነጋገሩም አረማመዱም የሰፈር ልጅ። ፊልም ላይ ሲመጣ ወይ ይደበድባል ወይ ይደበደባል፤ «ኢስትኤንደርስ» በተባለው የቢቢሲ ድራማ ላይ ደግሞ ለዓመታት የመጠጥ ቤት ባለቤት ሆኖ ተውኗል። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2016 ካሜራ ፊት ቀርቦ የዘር ሐረጉ ተዘረጋለት። መስመሩን እየተከተለ ወደ ላይ ወጣ። ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊን አገኘ፤ በአሥራ አራተኛው መቶ ዘመን እንግሊዝን ሃምሳ ዓመት የገዛውን ንጉሥ። ዳየር ማመን አቃተው። ቆይቶ ግን አመነ። በጣም አመነ። በ2019 ስለ ንጉሣውያን ዘመዶቹ ብቻ የሚያወራ ራሱን የቻለ ተከታታይ ፊልም ይዞ ብቅ አለ።

ይህ የሆነበት ፕሮግራም ስሙ ወደ እኛ ሲመለስ «ማን ነኝ ብለህ ነው የምታስበው?» የሚል ነው። ቢቢሲ ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ አገሮች የየራሳቸውን ሠርተዋል። አካሄዱ አይለወጥም። ዝነኛ ሰው ይመረጣል፤ ባለሙያዎች የቤተሰቡን ታሪክ አስቀድመው ይፈትሻሉ፤ ባለጉዳዩ ግን ምንም ሳይነገረው ይመጣል። መጀመሪያ እናቱ ቤት ሻይ እየጠጣ የድሮ ፎቶግራፍ ያገላብጣል። ከዚያ ባቡር ይሳፈርና በመስኮት እያየ በሐሳብ ይነጉዳል። በመጨረሻ አንድ መዝገብ ቤት ይገባል። እዚያም አንዲት ደግ ሴት የቅድመ አያቱን የጋብቻ ወረቀት አውጥታ፣ ገጹን ገልጣ፣ ወንበር ስባ ትጠብቀዋለች።

እኔን በጣም የምታስቀናኝ ይህች ሴት ናት። ንጉሥ አያት ቢገኝልኝ አልጠላም፤ ማን ይጠላል? ነገር ግን መዝገብ ቤት ገብቼ «ቁጭ በል፣ ፋይልህ ተገኝቷል» የሚለኝ ሰው ከሚገጥመኝ ይልቅ ንጉሥ አያት ማግኘቱ ሳይቀል አይቀርም። እኔ የማውቀው መዝገብ ቤት ውስጥ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ቁልፉ ያለው እሳቸው ጋ ነው። ስብሰባው ያለቀ ቀን ደግሞ ፋይሉ ራሱ ወደ ሌላ ክፍል ሄዷል፤ ያ ክፍል ወደ ሌላ ሕንፃ ሄዷል፤ ሕንፃው ሊፈርስ ነው። የቅድመ አያቴን ቀርቶ የራሴን መኖር የሚመሰክር ወረቀት ለማውጣት እንኳ ምስክር ይዤ መሄድ አለብኝ።

እንግሊዞች ይህን ሁሉ ወረቀት ከየት አመጡት? ነገሩ ከአንድ ሰው ይጀምራል። የሄንሪ ስምንተኛ ሹም የነበረው ቶማስ ክሮምዌል እ.ኤ.አ. በ1538 በየአጥቢያው ያለ ቄስ ሁሉ የሚጠመቀውን፣ የሚያገባውንና የሚቀበረውን በመዝገብ እንዲጽፍ አዘዘ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ግብር ነው ብሎ ፈራ። መዝገቡ ግን ቀጠለ። ከ1837 ጀምሮ መንግሥት ራሱ ልደትንና ሞትን መመዝገብ ያዘ፤ ከ1841 ጀምሮ ደግሞ የሕዝብ ቆጠራው በአሥር በአሥር ዓመቱ የሰዉን ሁሉ ስም መጻፍ ጀመረ። የጠጅ ቤት አሳላፊ ሳትቀር ስሟ አለ።

አሁን ወደ ዳየር እንመለስና፣ ከንጉሡ በፊት በሐረጉ ላይ የተገኘለት አያት ማን መሰላችሁ? ይኸው ቶማስ ክሮምዌል! ሰውየው መዝገቡን ባዘዘ በሁለተኛው ዓመት ንጉሡ አንገቱን አስቀላው፤ ያዘዘው መዝገብ ግን አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል የልጅ ልጆቹን ቴሌቪዥን ላይ አወጣቸው። ለዘሩ እንዲህ አርቆ ያሰበ አያት እኔ አላየሁም።

እኛ ዘንድ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር 2016 መሆኑ ነው፤ ዳየር ንጉሡን ባገኘበት ዓመት። ከክሮምዌል ጋር የ478 ዓመት ልዩነት ብቻ አለን። ከዚያ በፊት የነበረው ሰው የተወለደው ወይ ጣሊያን በገባ በማግሥቱ ነው፣ ወይ አንበጣው በመጣ ዓመት፣ ወይ ያቺ ቀይ ላም በወለደች ሰሞን። አንዳንድ ነገር ተጽፎ የሚገኘው በየገዳማቱ ወንጌል ኅዳግ ላይ ነው፤ ያም ቢሆን መሬት የሰጠውን ንጉሥና የተቀበለውን ደብር እንጂ መሬቱን ያረሰውን ሰው አይነግረንም።

መዝገብ ቢኖር እንኳ ችግሩ አያልቅም። አንድ አያት የዓለም ስም አለው፣ የክርስትና ስም አለው፣ እናቱ የምትጠራው ስም አለው፤ ፈረስ ከነበረው ደግሞ በፈረሱ ስም «አባ እገሌ» ይባላል። የቢቢሲ ባለሙያ መጥታ ብትቆፍር አንዱ ቅድመ አያቴ አራት ሰው ሆኖ ይወጣል፤ ከአራቱም ጋር የተጋባችው ያቺው አንዲት ሴት መሆኗ ሲታወቅ ደግሞ ቅሌቱ የእኛ ነው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ይዘን እንዞራለን። ልጅ በተወለደ ቁጥር አንድ ቅድመ አያት ከመታወቂያው ላይ ይወርዳል።

ወረቀት የለንም ማለት ግን ዘር አንቆጥርም ማለት አይደለም። አጎት አለን።

የእኔ አጎት፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ዘር ሲቆጥሩ ያየ ሰው ቢቢሲን ዞሮ አያየውም። ይህ ችሎታ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በጎጃምና በጎንደር ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ስለነበር፣ መሬት የሚሻ ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ ከራሱ ጀምሮ አገሩን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ ሳያዛንፍ መቁጠር ነበረበት። አንድ ስም የዘለለ ማሳውን አጣ። በጋብቻም ቢሆን ሰባት ቤት ሳይቆጠር ሽማግሌ አይላክም፤ አምስተኛው ቤት ላይ የተገናኙ እንደሆነ ሠርጉ ቀረ። እንግዲህ የእኛ ዘር ቆጠራ ሁለት ሥራ ነበረው፤ መሬት ማግኘትና ሙሽራ መከልከል። እንግሊዞቹ ለእንባ ብለው የሚያደርጉትን የእኛ ሰው ለእንጀራ ያደርገው ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ ዘር ቆጠራ በአንድ ቀን ደመወዝ አልባ ሆነ። አቅኚውን አባት መቶ ጊዜ ብትጠራው የምታገኘው መሬት የለም። ቆጣሪዎቹ ግን ሥራ ፈትተው አልተቀመጡም፤ ወደ ክብር ክፍል ተዛወሩ። አጎቴ ከተዛወሩት አንዱ ናቸው። እሳቸው ሲቆጥሩ የሚሰማ ሰው ከቤተሰባችን መሐል ሹመት ያላገኘ ወንድ መኖሩን ይጠራጠራል። ደጃዝማች እገሌ ፊታውራሪ እገሌን ወለዱ፣ ፊታውራሪ እገሌ ቀኛዝማች እገሌን ወለዱ፣ እያሉ ይወርዳሉ። መሐል ላይ አንድ ባላምባራስ አሉብን፤ እሳቸው ጋ ሲደርሱ አጎቴ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ፈረንጆቹ እዚህ ላይ ጨካኞች ናቸው። የሃሪ ፖተር ደራሲ ጄ.ኬ. ሮውሊንግ እ.ኤ.አ. በ2011 ፕሮግራሙ ላይ ስትቀርብ፣ ፈረንሳዊው ቅድመ አያቷ ሉዊ ቮላን የሌዢዮን ዶኖር ኒሻን ተሸላሚ ነበር እየተባለ ሲነገራት ነው ያደገችው። ሰነዱ ሲመረመር ኒሻኑ የሌላ ሉዊ ቮላን ሆኖ ተገኘ። ደግነቱ የእሷም ሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጀግንነት ሌላ ሜዳይ አግኝቶ ኖሮ አስለቀሳት። አጎቴ ቢሆኑ ሁለቱን ሉዊዎች አንድ ያደርጓቸውና ሁለቱንም ሜዳይ በአንዱ ደረት ላይ ይሰኩታል። የተረፈው ስም ሥራ ፈቶ ለምን ይቀመጣል?

በዚህ አልፈርድባቸውም። አጎቴ ያደጉት ሕገ መንግሥቱ ራሱ ዘር በሚቆጥርበት ዘመን ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሁለተኛ አንቀጽ የንጉሠ ነገሥቱ ትውልድ ከኢትዮጵያ ንግሥትና ከንጉሥ ሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ሳይቋረጥ የመጣ መሆኑን ይደነግጋል። ሦስት ሺህ ዓመት ሳይቋረጥ! የቢቢሲዋ ደግ ሴት እዚህ ላይ ወንበር ስባ «ለመሆኑ የጋብቻ ወረቀቱ...» ብላ ብትጀምር ለእሷም ሌላ አንቀጽ ይኖራት ነበር።

አንድ ቀን ሒሳቡን ለአጎቴ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «ጋሼ፣ ሰው ሁለት ወላጅ አለው፣ አራት አያት አለው፣ ስምንት ቅድመ አያት አለው። ሰባተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ 128 ይሆናሉ። እርስዎ የሚያውቁት አንዱን ደጃዝማች ነው። 127ቱ የት ገቡ?»

«አንዱ ከበቃህ ምን ያደርጉልሃል?» አሉኝ።

ሒሳቡ ሲቀጥል ጉድ ነው። ሃያኛው ትውልድ ላይ ከአንድ ሚሊዮን ያልፋል። ሠላሳኛው ላይ 1,073,741,824 ይሆናል። አንዱን ትውልድ ሃያ አምስት ዓመት ብንለው ሠላሳው ትውልድ 750 ዓመት ነው፤ ይኩኖ አምላክ ሰሎሞናዊውን ሥርወ መንግሥት መልሶ ያቆመበት ዘመን ገደማ ያደርሰናል። በዚያን ጊዜ ደግሞ በዓለም ሁሉ ላይ የነበረው ሰው ግማሽ ቢሊዮን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ያ ሁሉ አያት የተለያየ ሰው ሊሆን አይችልም፤ አንዱ ሰው በሺህ መንገድ ተመላልሶ አያታችን ይሆናል፤ የአንዱም አያት የሌላውም አያት ይሆናል። የሥነ ዘር ሊቁና ደራሲው አዳም ራዘርፎርድ በዚሁ ስሌት ነው፣ የብሪታንያ የዘር ግንድ ያለው ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉ የኤድዋርድ ሣልሳዊ ልጅ ነው የሚለው። ዳየርን ከሌላው እንግሊዛዊ የለየው ደሙ አይደለም። ወረቀቱ ነው።

ይህንንም ለአጎቴ አቀረብኩ። «ጋሼ፣ በሒሳቡ መሠረት ይኩኖ አምላክ ሳይደርሱን አይቀሩም» አልኩ።

«መቼ አጣሁትና!» አሉ።

«የይኩኖ አምላክ በቅሎ ጠባቂም በዚያው ሒሳብ ይደርሰናል።»

ትንሽ አሰቡ። «እሱ እንኳ በእናትህ በኩል ነው» አሉኝ።

አሜሪካኖቹም የራሳቸው አጎት አላቸው፤ የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ሄንሪ ሉዊስ ጌትስ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ፒቢኤስ ላይ «ሥሮችህን ፍለጋ» የተባለውን ፕሮግራም ያቀርባሉ። ከቢቢሲው የሚለየው እንግዳው ባቡር አይሳፈርም፤ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ «መጽሐፈ ሕይወት» የሚባል ትልቅ ጥራዝ ይቀርብለታል። ፕሮፌሰሩ ረጋ ባለ ድምፅ «እስቲ ገጹን ግለጥ» ይሉታል። ይገልጣል። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ሁለቱንም። ኮሜዲያኑ ላሪ ዴቪድ ፖለቲከኛውን በርኒ ሳንደርስን በቴሌቪዥን እየመሰለ አገር ሲያስቅ ከርሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ገጹን ቢገልጥ ሰውየው በዲኤንኤ ምርመራ የሩቅ ዘመዱ ሆኖ ተገኘ። ለካስ ሲያስመስል የከረመው የቤተሰቡን አመል ነው። ዘር ከልጓም ይስባል ይሏል ይህ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የቤን አፍሌክ ነገር ነው። ተዋናዩ እ.ኤ.አ. በ2014 በጌትስ ፕሮግራም ላይ ሲቀርብ ተመራማሪዎቹ ባሪያ ያሳድር የነበረ አያት አገኙለት። አፍሌክ ይህ ገጽ እንዲቀርለት ለመነ፤ ቀረለትም። በምትኩ በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት የዘመተ አያት፣ የመናፍስት ነገር የሚወድ ሌላ አያት፣ በ1964 ለጥቁሮች መብት የታገለች እናት ቀረቡ። ጠንቋይ ቢጤው እንኳ ያለ ችግር አለፈ፤ ጌታው ብቻ ቀረ። በዓመቱ የሶኒ ኩባንያ ኢሜሎች ተሰርቀው ሲወጡ ጌትስ በዚህ ጉዳይ ምክር የጠየቁበት ደብዳቤ አብሮ ወጣ። ፒቢኤስ ነገሩን መርምሮ ደንብ ተጥሷል አለ፤ ሦስተኛውን ዙር ፕሮግራም አዘገየው። አፍሌክም አፍሮ እንደነበር ጽፎ ይቅርታ ጠየቀ።

በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች፤ አገራችን ይህን ያወቀችው ከሶኒ ኢሜል በፊት ነው። በቅሎዋ እኮ አልዋሸችም። ፈረስ በእርግጥ አጎቷ ነው። የተጠየቀችውን ገጽ ዘለለች እንጂ። አፍሌክም አልዋሸም፤ የዘመተው አያት እውነተኛ ነው። የአጎቴም ደጃዝማች አንድ ቦታ ላይ ሳይኖሩ አይቀሩም። ዘር ቆጠራ ላይ ቅጥፈት እምብዛም አያስፈልግም፤ ዝላይ ይበቃል።

የእኛ ዝላይ ደግሞ ከአፍሌክ የሚያንስ አይደለም። ባርነት በኢትዮጵያ ሕጋዊ መሠረቱ እንዲጠፋ የታወጀው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ሩቅ አይደለም፤ የዛሬ ሽማግሌዎች ልጆች ነበሩ። አጎቴ ስለ ደጃዝማቹ ቤት ሲያወሩ አርባ በቅሎ አለ፣ ማድጋ ሙሉ ጠጅ አለ፣ ከማለዳ እስከ ማታ የማይታጠፍ ገበታ አለ። ያን ሁሉ ውኃ ማን ቀዳው፣ ያን ሁሉ እህል ማን ፈጨው፣ የመጣውስ በፈቃዱ ነው ወይ ብዬ ስጠይቅ ቡና ይቀዳልን ይላሉ። ቡናው በአንድ በኩል ይቀዳል፤ ወሬው በሌላ በኩል ይሄዳል።

ጌትስ ጥቁር አሜሪካዊ እንግዳ ሲያቀርቡ መጽሐፉ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። እ.ኤ.አ. 1870 ላይ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነፃ የወጡት ሁሉ በስማቸው የተቆጠሩት መጀመሪያ በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1850ና በ1860፣ ባሪያዎች የተጻፉት በጌታቸው ስም ሥር ዕድሜያቸው፣ ፆታቸውና የቆዳ ቀለማቸው ብቻ ተጠቅሶ ነው። ስም የለም። እንግዳው አያቱን ሊያገኝ ከፈለገ የጌታውን ኑዛዜ፣ የጌታውን የንብረት ዝርዝር፣ የጌታውን የሽያጭ ውል ማገላበጥ አለበት። ሙዚቀኛው ክዌስትላቭ በዚህ መንገድ ሄዶ ሄዶ፣ ቅድመ አያቶቹ እ.ኤ.አ. በ1860 ወደ አላባማ በስውር በገባችው በመጨረሻዋ የባሪያ መርከብ፣ በክሎቲልዳ፣ የመጡ መሆናቸውን አገኘ። መርከቧ በስሟ ተለይታ የምትታወቅለት ጥቁር አሜሪካዊ እጅግ ጥቂት ነው።

አፍሌክ ያስቀረው ገጽ ስለዚህ የእሱ ብቻ አልነበረም። የጌታው ገጽ ሲቀደድ የባሪያውም አያትነት አብሮ ይቀደዳል፤ የተጻፈበት ሌላ ገጽ የለውምና። አጎቴ ቡና አስቀድተው ያለፉት ገጽ ላይ የማን አያት ቁጭ ብሎ እንደሚጠብቅ እንጃ።

የቢቢሲን አዘጋጆች ያመለጣቸው አንድ ሲሳይ አለ፤ የእኛም ሲሳይ ነበር። የድሮ ፊልም የሚወድ ሁሉ ፒተር ኡስቲኖቭን ያውቀዋል። «ኩዎ ቫዲስ» ላይ ሮምን አቃጥሎ በገና የሚደረድረው ኔሮን እሱ ነው፤ «ሞት በአባይ ላይ» ውስጥ ጢሙን የሚያሽሞነሙነው መርማሪ ፖይሮም እሱ ነው፤ ኦስካር ሁለት ጊዜ ወስዷል። ያረፈው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2004 ነው። የቢቢሲው ፕሮግራም የጀመረው በዚያው ዓመት ጥቅምት። ጥቂት ወራት ቢታገስ ኖሮ እኔ ያንን ክፍል በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አየው ነበር።

እስቲ ገጹን እንግለጥለት። አባቱ ዮና የተወለደው ኢያፋ፣ ዛሬ እስራኤል ውስጥ። ገጹን ግለጥ፤ አያቱ ፕላቶን ኡስቲኖቭ፣ አገሩን ትቶ ኢያፋ የከተመ ሩሲያዊ ባላባት። ግለጥ፤ አያቱ መግደሌና፣ የሞሪትዝ ሃል ልጅ። ሃል ማን ነው? ከክራኮው የተነሣ አይሁዳዊ፣ ኢትዮጵያ የገባ፣ ክርስትናንም የተቀበለ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ከአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ጋር ተቀምጦ ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያቀልጥ የነበረ። አዎ፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራበት ጋፋት። ግለጥ፤ የሃል ሚስት ወለተ ኢየሱስ። ግለጥ፤ የወለተ ኢየሱስ አባት ኤድዋርድ ዛንደር፣ መጀመሪያ በደጃዝማች ውቤ ኋላም በቴዎድሮስ ዘንድ የሠራ ጀርመናዊ ሠዓሊ፤ እናቷ ደግሞ የጎንደር ሴት። ከመቅደላ ውድቀት በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲወጡ የሃል ቤተሰብም ወጣ፤ ኢያፋ ገባ፤ እዚያ ከሩሲያዊው ጋር ተዛመደ። ኔሮን በዚህ መንገድ ሆሊውድ ደረሰ።

ይህን ለአጎቴ የነገርኳቸው ተሳስቼ አይደለም፤ ምን እንደሚሉ ልሰማ ብዬ ነው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ያቺ የጎንደሯ የእነማን ልጅ ናት?»

«ለእኔ አልታወቀኝም፣ ጋሼ።»

«ለእናንተ ነው እንጂ!» አሉ።

ብዙም ሳይቆይ ኡስቲኖቭ ዘመዳችን ሆነ። ሩሲያዊው ሳይጠቀስ፣ ከክራኮው የመጣው ሳይነሣ፣ ጀርመናዊው ሠዓሊ ተዘልሎ፣ በቀጥታ በጎንደሯ በኩል። አሁን ሰው ቤት ሲመጣ አጎቴ ይህን ዘመድ ያነሣሉ። ሮምን ማቃጠሉንም የ1928ቱን የጣሊያን ወረራ ብድር አድርገው ይቆጥሩለታል። ኔሮን ከወረራው 1,900 ዓመት ገደማ ቀድሞ የኖረ ሰው መሆኑን ብነግራቸው፣ የእኛ ዘር ሁልጊዜ ቀድሞ ነው የሚደርሰው አሉኝ።

እሳቸው ብቻ አይደሉም። የሩሲያው ባለቅኔ ፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ጋኒባል ከየት እንደተወሰደ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ካሜሩን ሲካሰሱ ይኖራሉ። ሰውየው ጄኔራል ባይሆን፣ የልጅ ልጁም ልጅ ባለቅኔ ባይሆን፣ ማን ይፈልገው ነበር? በዚያው ዘመን ለባርነት የተሸጠው፣ ጄኔራል ያልሆነው ልጅ ላይ እስካሁን አንድም አገር ይገባኛል አላለም።

እንደ ማይክል ፓርኪንሰን የወደድኩት እንግዳ የለም፤ እሱም የቢቢሲው ፕሮግራም ላይ ያልቀረበ ነው። ፓርኪንሰን የብሪታንያ ቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ንጉሥ ነበር፤ የዮርክሻየር የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጅ። አዘጋጆቹ ሲያነጋግሩት እሺ አለ፤ ግን ጀምራችሁ ታያላችሁ፣ ምንም አታገኙም ብሎ አስጠነቀቃቸው። እሱ እ.ኤ.አ. በ2009 እንደተናገረው፣ ሳምንታት ሲቆፍሩ ከርመው ደወሉለት፤ ታሪኩ በጣም አሰልቺ ስለሆነ ትተነዋል አሉት። ገዳይ የለ፣ ንጉሥ የለ፣ ወህኒ የገባ የለ። ሠርተው የኖሩ ሰዎች ብቻ።

በእኔ አስተያየት ከ1538 ጀምሮ ከተጻፈው ሁሉ ይህ ትልቁ ግኝት ነው። ትውልድ በትውልድ ላይ ተነሥቶ ሠርቶ፣ ወልዶ፣ ዕዳውን ከፍሎ ሲሞት፣ አንድም ጊዜ ለቴሌቪዥን የሚሆን ጥፋት ሳይሠራ! ደጃዝማች ይህን ይችላል? ኤድዋርድ ሣልሳዊ ይህን ይችላል? እሱ ዙፋን ሊጨምር ሄዶ ከፈረንሳይ ጋር የጀመረው ጦርነት የመቶ ዓመት ጦርነት ተብሎ ነው የተጻፈው።

ጥያቄዬን በመጨረሻ አጎቴ ፊት አቀረብኩት። «ጋሼ፣ የእኛ ሰዎች በሙሉ ደጃዝማችና ፊታውራሪ ከነበሩ፣ ያን መሬት የሚያርሰው ማን ነበር?»

አገጫቸውን በአጥሩ በኩል አሻግረው ወደ ጎረቤት ጠቆሙኝ። «የእነሱ አያት» አሉ በዝግታ፤ ጨዋ ስለሆኑ ጮክ ብለው አይሉትም።

የጎረቤቱን ሽማግሌ ደግሞ ቡና ላይ አገኘኋቸው። የእሳቸው ሰዎችም ደጃዝማች ናቸው። አራሹ ማን ነበር ስላቸው በትሕትና አቀረቀሩና ዓይናቸውን ወደ አጥሩ፣ ወደ እኛ ቤት መለሱ።

ሁለቱም ሽማግሌዎች እውነት ከተናገሩ፣ እና ሽማግሌ አይዋሽም፣ ይህን አገር ለዘመናት ያረሰው ገበሬ አንድም ልጅ ሳይወልድ ሞቷል ማለት ነው። እያረሰ፣ እያጨደ፣ ግብር እየገበረ፣ ለደጃዝማቹ በቅሎ ገለባ እየተሸከመ፣ መካን ሆኖ አለፈ። እንዲህ ያለ ተአምር በየትኛውም መዝገብ ላይ አልተገኘም። ፕሮግራሙ አገራችን የመጣ ቀን የመጀመሪያው ክፍል የዚህ ሰው ይሁን። ዘመዱ ነኝ ብሎ ካሜራ ፊት የሚቀርብ ቢጠፋ እኔ እቀርባለሁ። አጎቴ እንዳይሰሙ ብቻ፣ እባካችሁ፣ እሳቸው ከተኙ በኋላ ይተላለፍ።